ከስኳር ሕመም ጋር ለሚኖር ወንድም ጓደኛ ምን ያደርግለታል?

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም በመዝሙር ልምምድ ላይ የደረሰብንን ሳንናገር በቀጥታ ወደ ትምህርቱ ብንገባ ሐቀኞች አንሆንም። ስለዚህ አስቀድመን እርሱን እንናገራለን።

ከመካከላችን አንድ ወንድም አለ። ይህ ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ራሱ አንብቦ፣ «ስሜ ይቅር፤ ነገሩ ግን ይጻፍ» ስላለን ስሙን አንጠራም። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን ከእኛ ጋር መዘመር ከጀመረ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በጾም ወራት ከሁላችን አብልጦ ሲጾም እናየው ስለ ነበር ታናናሾቻችንን ስንመክር እርሱን ምሳሌ አድርገን እንጠቅሰው ነበር። በዚያን ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ ለቅዳሴ ስንዘጋጅ የመዝሙሩን ቃል ማምታታት ጀመረ። ከጎኑ ያለው ቢያርመው ያ ዝምተኛ ልጅ ጮኾ ሰደበው። ፊቱን ላብ አጥምቆት ነበር፤ እጆቹም ይንቀጠቀጡ ነበር። ከእኛ አንዱ ሣቀ። ሌላው «ይህስ የሰይጣን ፈተና ነው» ብሎ ጠበል ሊያመጣ ሮጠ። የቀረነው «ድካም ነው፤ ጋደም ይበል» አልን። ከሁላችን በዕድሜ የምታንስ አንዲት እኅታችን ግን፣ እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ነገሩን ከቤቷ ታውቀው ኖሮ፣ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ስኳር አምጡ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ከበሩ አጠገብ ሻይ ከምትሸጠው ሴት ስኳር ተለምኖ በውሃ ተበጥብጦ ቀረበለት። ጨርሶ ራሱን አልሳተም ነበርና ጠጣው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሁላችንንም ለየን፤ ከዚያም አለቀሰ።

በቦርሳው ውስጥ ኢንሱሊንና ሲሪንጅ ነበር። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በየቀኑ ራሱን መርፌ ይወጋል። ጉባኤ በሚኖርበት ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ይወጋ ነበር፤ ከእኛ ግን አንድም ሰው አያውቅም።

«ለምን አልነገርኸንም?» ብለን ጠየቅነው። ሦስት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ በዚሁ አዳራሽ ተቀምጦ ሳለ ከእኛ አንዱ ስለ ሌላ ሕመምተኛ ሲናገር «እምነቱ ቢጠነክር ኖሮ መድኃኒት ባላስፈለገው» ሲል ሰምቷል። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ከታወቀ ወደ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት በምናደርገው ጉዞ «አንተ ቅር፤ ትቸገራለህ» እንዳንለው ፈርቷል። ሦስተኛው ደግሞ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠን ነው። በጾም ወቅት ምግብ ቢበላ እኛ ምሳሌ ያደረግነው ሰው ምሳሌነቱ ሊቀርበት ሆነ። እንግዲህ ያን ቀን ለሞት ያቀረበው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የእኛም ምስጋና ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ስኳር ሕመም ማንበብና መጠየቅ የጀመርነው። ያገኘነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

ለመሆኑ የስኳር ሕመም ምንድን ነው? የበላነው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች በሆድ ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና በደም ውስጥ ይዞራል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋችን ሕዋሳት እንዲገባና ኃይል እንዲሆን ከቆሽት የሚመነጭ ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆማል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው። ይህ ሰው ኢንሱሊን በመርፌ ካልወሰደ መኖር አይችልም። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ኢንሱሊን አለ፤ ነገር ግን አይበቃም ወይም ሰውነት በሚገባ አይጠቀምበትም። በሁለተኛው ዓይነት የተያዘ ሰው ምግቡን በማስተካከል፣ በእንቅስቃሴና በክኒን ሊቆጣጠረው ይችላል፤ እየቆየ ኢንሱሊን የሚያስፈልገውም አለ። ሁለቱ በስም አንድ ቢሆኑም በኑሮ እጅግ የተለያዩ ናቸው። አንባቢ ይህን ልዩነት እንዲያስታውስ እንለምናለን፤ ወደ ኋላ የምንናገረው ጥፋታችን ከዚህ የመጣ ነውና። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከ20 እስከ 79 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ 589 ሚሊዮን ሰዎች ከስኳር ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ከእነርሱም የሚበዙት በሁለተኛው ዓይነት የተያዙ ናቸው።

ከመቶ ዓመት በፊት ቢሆን ይህ ወንድማችን ከእኛ ጋር ባልዘመረ ነበር። በዚያ ዘመን በአንደኛው ዓይነት የተያዘ ልጅ ከስቶ ከስቶ ይሞት ነበር፤ ሐኪሞችም ምግብ ከመከልከል በቀር የሚያደርጉለት አልነበራቸውም። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት አወጡ። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. (1922 እ.ኤ.አ.) ሌኦናርድ ቶምፕሰን ለሚባል የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ንጹሕ ስላልነበረ አልሠራም። ጄምስ ኮሊፕ የሚባለው ባልደረባቸው አጣርቶ ካዘጋጀው በኋላ በ12ኛው ቀን ድጋሚ ሲወጋ የደሙ ስኳር ወረደ። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕም የፈጠራ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነበር። (በዛሬው ቀን አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ለመግዛት የሚቸገር ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።)

ኢንሱሊን ሕመሙን አላጠፋውም። ከሚገድል ሕመም ወደ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሕመም ለወጠው። እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ ሕመምተኛ በየሦስት ወሩ ለግማሽ ሰዓት ከሐኪም ፊት ቢቀርብ በዓመት ሁለት ሰዓት ይሆናል። ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓት አለው። በቀሩት 8,758 ሰዓታት ምን ያህል ልብላ፣ ስንት ልውጋ፣ ይህ ማላብ ከሙቀቱ ነው ወይስ ስኳሬ ወርዶ ነው ብሎ የሚወስነው ሕመምተኛው ብቻውን ነው። ሐኪሙ የነገረውን ቢረሳ ወይም ቢሰለች የሚያስታውሰው ማን ነው? የመጻጉዕን ታሪክ በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ ሁልጊዜ እንሰማለን። 38 ዓመት ሲታመም ከኖረ በኋላ ለጌታ የነገረው የሕመሙን ጽናት ሳይሆን ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። እኛ ከዚያ ፍልሰታ በፊት ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምተን በአጠገባችን የሚዘምረውን ልጅ አላሰብንም።

አገራችን ሰው ለሰው መደጋገፍን ከማንም የምትማር አይደለችም። ለኀዘን ዕድር፣ ለገንዘብ ዕቁብ፣ ለዝክር ማኅበር አለን። ነገር ግን ዕድሩ የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ታሞ በሕይወት ላለ ሰው ለረጅም ዘመን የሚሰበሰብ ማኅበር ብዙም አልነበረንም። ይህን በማድረግ ረገድ ትልቁን ድፍረት ያሳዩት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው፤ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉትን ማኅበራት አቋቁመው፣ ሰው ሁሉ በሚሸሽበት ጊዜ በአደባባይ ቆመው አስተማሩ፣ እርስ በርሳቸውም መድኃኒት ተዋዋሱ ሳይሆን መድኃኒት እንዳይቋረጥ ተጠባበቁ። የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም በ1984 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ሕመምተኞችንና ሐኪሞችን አንድ ላይ አሰባስቧል። ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች ተነሥቶ የስኳርን፣ የሚጥል ሕመምንና የመሳሰሉትን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ያወረደው ሥራም ሕመምተኛው በየወሩ ሩቅ መንገድ ተጉዞ እንዳይሰለች የረዳ ነው።

መደጋገፍ ይጠቅማል ስንል ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተደረገ አንድ ጥናት ታትሟል። 244 የስኳር ሕመምተኛ ወንዶች በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ክፍል ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በየሳምንቱ በስልክ እንዲነጋገሩ ተደረገ፤ ሌሎቹ ግን በነርስ ክትትል ቆዩ። ከስድስት ወር በኋላ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ ሲታይ፣ ጥንድ ጥንድ የሆኑት ከ8.02 ወደ 7.73 በመቶ ወረዱ፤ ሌሎቹ ከ7.93 ወደ 8.22 ወጡ። ልብ በሉ፤ ጥንዶቹ ሐኪሞች አልነበሩም። አንዱ ሌላውን «ዛሬ ስኳርህን ለካህ?» የሚል ሕመምተኛ ብቻ ነው። ሌላውን ሲጠይቅ የራሱን መለካት መርሳት ያፍራል መሰለን።

እኛ ያደረግነውን ደግሞ እንናገር። ያ ነገር በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ «የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ቢኖር መጥቶ ከወንድማችን ጋር ይነጋገር» ብለን አስነገርን። ማንም ይመጣል ብለን አላሰብንም። አምስት ሰዎች መጡ። አንዲት እኅት በልጅነቷ ከጉሮሮ ሕመም የተነሣ ልቧ ተጎድቶ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። አንድ ዲያቆን አስም አለበት። አንድ ወንድም የሚጥል ሕመም አለበት፤ ይህን እናቱና አባቱ ብቻ ያውቁ ነበር። የመዝሙር መምህራችን ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ያን ቀን ሰማን። አምስተኛዋ በየጊዜው በሚነሣ የራስ ምታት የምትሠቃይ ናት። ሁሉም ለዓመታት በአንድ አዳራሽ ሲዘምሩ አንዱ የሌላውን አያውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ብዙ አልተነጋገሩም። የሚጥል ሕመም ያለበት ወንድም «ከወደቅሁ በአፌ ማንኪያ አታስገቡ፤ ክብሪትም አታሽትቱኝ፤ በጎኔ አስተኙኝና እስክነቃ ጠብቁኝ» አለ። ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው እንደ ሆነ ነገረን። ያን ቀን ሌላ ትምህርት ባይሰጥ እንኳ ይበቃ ነበር።

የስኳሩን ነገር ግን ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ብዙ የተማርነው በዚያ ነውና።

የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል። የበለጠ ሲወርድ ይቆጣል፣ ይዘባርቃል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ገና መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም የአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ግማሹን ማጠጣት ነው። ስኳር የሌለበት ለስላሳ አይረዳም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው እንደገና መስጠት፣ ሲሻለው ደግሞ ምግብ ማብላት ይገባል። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር አይደረግበትም፤ ይታነቃልና። በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ብቻ ነው። ወንድማችን ከእኛ ጋር የተስማማበት ምልክት አለ። በልምምድ መካከል ሁለት ጣቱን ካነሣ ማንም ሳይጠይቀው ስኳሩ ይቀርብለታል፤ መዝሙሩም አይቋረጥም። ይህ ምልክት ከሁሉ ይልቅ እንደ ጠቀመው ነግሮናል፤ ምክንያቱም የሚያሳፍረው መታመሙ ሳይሆን ሁሉም ሰው ወደ እርሱ መዞሩ ነበር።

ቀጥሎ የማዕድ ነገር ነው። ሐኪሞች «ልክህን አውቀህ ብላ» ይላሉ። ለመሆኑ ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ ልኩን የሚያውቅ ማን ነው? በዚያ ላይ ጉርሻ አለ። ጉርሻ እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ፍቅርን እንደ መግፋት ነው። የመዝሙር መምህራችን ይህን ሲናገሩ ሁላችንን አሣቁን፤ በአንድ ሠርግ ላይ ከሦስት አክስቶች የተሰጣቸው ጉርሻ ብቻ አንድ ሙሉ እንጀራ ሳይሆን እንዳልቀረ ነገሩን። ያገኙት ዘዴ ቀላል ነው። እንጀራው ሲዘረጋ የራሳቸውን ድርሻ ቆርሰው ወደ ፊታቸው ያደርጋሉ፤ የጎረሷትን ጉርሻ ያህል ከድርሻቸው ቀንሰው ይተዋሉ። ወንድማችን ይህን ዘዴ ወዲያው ያዘው። ከሐኪሙ ሊሰማው አይችልም ነበር፤ ሐኪሙ ከእርሱ ጋር ትሪ ላይ ቀርቦ አያውቅምና።

የድግስና የለቅሶ ቤትም ሌላ ፈተና አለው። ወንድማችን ከሚወጋቸው ኢንሱሊኖች አንዱ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ የሚወጋ ነው። «አሁን ይቀርባል» ተብሎ ተወግቶ ምግቡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢመጣ ስኳሩ ይወድቃል። ስለዚህ አብሮት የሚሄደው ጓደኛ ሥራ አለው፤ ወደ ጓዳ ገብቶ «እትዬ፣ ወጡ ደርሷል ወይስ ገና ነው?» ብሎ እውነቱን ይዞለት ይመጣል። ይህ የማይረባ ነገር ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ለታመመ ሰው ከምናደርገው ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘንም።

የመድኃኒቱ አቀማመጥም አለ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ መብረድ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። በተማሪዎች ማደሪያ ማቀዝቀዣ የለም፤ ባለበትም መብራት ይጠፋል። ወንድማችን ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ በውሃ በሚረጥብ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያኖራል፤ ውሃው ከሸክላው ላይ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ይህን ከአያቱ የተማረው ቅቤ ከሚቀመጥበት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲም በሰሜን ኬንያ በዳዳብ አካባቢ ባለው የዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ ያለውን ሙቀት አጥንተው፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ በ2021 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ይህ ማለት ፀሐይ ላይ ወይም በመኪና ውስጥ ይጣል ማለት አይደለም፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ድሃ ተስፋ አይቁረጥ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንመለስ።

ስብሰባው በተጀመረ በሦስተኛው ወር ከሌላ አጥቢያ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ስለ እኛ ሰምቶ መጣ። አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከያዘው ገና ዓመት አልሞላውም። በዚያን ቀን መምህራችን ክኒናቸውን እየዋጡ፣ እንጀራ ቀንሰው፣ ጠዋት ጠዋት እየተራመዱ ስኳራቸው እንዴት እንደ ተስተካከለ ሲናገሩ ሁላችን አጨበጨብን። የሁለቱ ሕመም ልዩ ልዩ መሆኑን ግን ከመካከላችን ያስረዳ ሰው አልነበረም። ልጁ መርፌው አስመርሮት ነበርና፣ የሰማውን ይዞ ሄዶ «እኔም በእግር ጉዞና በምግብ እሞክራለሁ» ብሎ ኢንሱሊኑን አቆመ። በሁለተኛው ቀን ውሃ እየጠማው፣ እያስመለሰው፣ ትንፋሹ እየፈጠነ ወደቀ። አንደኛው ዓይነት ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲያቆም ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ትንፋሹም የበሰለ ፍሬ የሚመስል ሽታ ያመጣል። እናቱ ፈጥነው ሆስፒታል ስላደረሱት ተረፈ። ልንጠይቀው ስንሄድ እናቱ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄን ምን ብላችሁ ነው የላካችሁት?» አሉን። መልስ አልነበረንም። መምህራችን ዝቅ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ እኛም ከኋላቸው ቆመን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለን። በስብሰባችን ሰው የኖረውን ይናገራል፤ የሚወስደውን የመድኃኒት መጠን ግን አይናገርም፤ ለሌላውም ጨምር ወይም ቀንስ አይልም። ክኒንም ሆነ መርፌ አንዱ ለሌላው አይሰጥም። መናገር ከመጀመሩ በፊትም የትኛው ዓይነት ሕመም እንዳለበት ያስታውቃል። በወር አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ፣ ሲስተር ብለን የምንጠራት፣ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች፤ የጠየቅነውን ትመልሳለች፤ የተሳሳትነውንም ታርማለች። የሕመምተኞች ምስክርነት ትልቅ ኃይል አለው፤ ስለዚህም ነው የሚያስፈራው።

ስለ ጾምና ስለ ጠበል ብዙዎቻችሁ ሳትጠይቁን አትቀሩም። የቤተ ክርስቲያን የጾም ሥርዓት ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው መምህራኖቻችን አስተምረውናል፤ እኛ ግን ትምህርቱን ሰምተን በሐሜት እንሽረው ነበር። ወንድማችን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ፣ አሁን ሥጋና ቅቤ ትቶ የጾም ምግብ በሰዓቱ ይበላል። ሽሮና ምስር ለእርሱ መልካም ምግብ ነው። የከበደው መብላቱ ሳይሆን ሁሉም ሲጾም ብቻውን መብላቱ እንደ ሆነ ስለ ነገረን፣ በተራ ሁለት ሁለት ሆነን አጠገቡ እንቀመጣለን። እኛ አንበላም፤ እንጫወታለን። የቅዱስ ቁርባን ጾም ግን 18 ሰዓት ስለሆነ ለእርሱ ከባድ ነገር ነው፤ ይህ የእርሱና የንስሐ አባቱ ነውና እኛ አፋችንን ከዚያ አንሥተናል። ስለ ጠበል ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን ማቋረጥ እንደማያስፈልጋቸው ተናግረዋል። ለኢንሱሊን ከዚህ የተለየ ነገር የምናይበት ምክንያት የለንም። በፍልሰታው ቀን ጠበል ሊያመጣ የሮጠው ወንድምም ክፉ አላደረገም፤ ስኳሩን ቢያስቀድም ግን በተሻለ ነበር። አሁን እርሱ ራሱ በኪሱ ከረሜላ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብለን አንጽፍም። የሚጥል ሕመም ያለበት ወንድም ካለፈው ጥር ጀምሮ መምጣት አቁሟል። ሁለት ጊዜ ሄደን ጠየቅነው፤ «ስለ ሕመም መነጋገር ሰለቸኝ፤ አንዳንድ ጊዜ ጤነኛ ሆኜ መዋል እፈልጋለሁ» አለን። መጀመሪያ ቅር ብሎን ነበር። በኋላ ግን በየቅዳሜው ስለ ደም ስኳር መስማት ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል ብለን ራሳችንን ጠየቅን። አሁን ከሁለታችን ጋር እሑድ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታል፤ ስለ ሕመሙም አንድ ቃል አንነጋገርም፤ ቢወድቅ ግን ምን ማድረግ እንዳለብን ሁለታችንም እናውቃለን። ሲስተርም «ይህም አንድ ዓይነት ድጋፍ ነው» ብላናለች። የስኳር መለኪያ ወረቀት ዋጋም አልተፈታልንም። በወር በወር ጥቂት ገንዘብ በዕቁብ መልክ እያዋጣን ለወንድማችንና ለዚያ የ17 ዓመት ልጅ እንገዛለን፤ እናቱ ልጃቸው ተመልሶ እንዲመጣ ፈቅደዋልና። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ አይደርስም። መለኪያውን በተራ ሊጠቀሙበት ይችሉ እንደ ሆነ ጠይቀን፣ ጣት የሚወጋው መርፌ የየራስ መሆን እንዳለበትና መለኪያውም ቢሆን በመካከል ሳይጸዳ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ እንደሌለበት ከሲስተር ተምረናል።

በአዳራሹ በስተቀኝ፣ ከበሮው ከሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ፣ ክዳኑ ቀይ የሆነ ብልቃጥ አለ። በውስጡ ስኳር፣ አንድ ማንኪያና ከረሜላ ይገኛል። ቁም ሣጥኑ አይቆለፍም። በሻይ ሰዓት ስኳር ሲያልቅባችሁ ከዚያ እንዳትወስዱ፤ ሁለት ጊዜ ባዶውን አግኝተነዋል።